ሙቂት ውስጥ መቀመጥን ለከለከሉት ጓድ ሊቀመንበር

ሞጣ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩትና ለተፈሩት ለጓድ ኃይለ ሚካኤል፣
የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ የሙቂት ሐይቅ ልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የዋና ስፖርት ኃላፊና የወረዳው ብቸኛ ባለ ፊሽካ

ጉዳዩ፦ ከልብ የመነጨ ምስጋና ስለ ማቅረብ፣ በምስጋናውም መሐል ስለ ተሰነቀረ አንድ የታመመ ጉልበት

ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደ ሙቂት ውሃ ክረምት ከበጋ ሳይቀዘቅዝ ይኑር፤ ወገብዎ አይጉበጥ፣ ጉልበትዎ አይክዳዎ፣ ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ደጋፊ አያሻዎ። ስለ እኛ ጤና የጠየቁ እንደ ሆነ፣ ከወገብ በላይ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከወገብ በታች ስላለው ነገር ግን ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ይህች ጸሐፊ ማን ናት ብለው እንዳይቸገሩ ራሴን ላስታውስዎ። ፈንታነሽ ውበቴ እባላለሁ፤ የመሪጌታ ወልደ ሰንበት ባለቤት፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ የምኖር፣ ጥጥ ፈትዬ የማድር ሴት ነኝ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል ቆጥሬ የምስክር ወረቀቴን የተቀበልሁት ከእጅዎ ሲሆን፣ ያን ቀን በሕዝብ ፊት እጄን ጨብጠው ከእንግዲህ በልቤ ያለውን ሁሉ መጻፍ እንደምችል፣ ሂስ ማቅረብም ለሰፊው ሕዝብ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታ እንደ ሆነ ነግረውኝ ነበር። ግዴታዬን ሳልወጣ እስከ ዛሬ በመቆየቴ ግለ ሂስ አደርጋለሁ። ደብዳቤውን ያጻፋት መሪጌታ ነው የሚል ወሬ ቢነሣ ሐሰት ነው፤ እሱ ያደረገው ነገር ቢኖር አልጋው ላይ ሆኖ «እሳቱ ሰን» እና «ንጉሡ ሠን» እየደባለቅሁ ስጽፍ መቆጣት ብቻ ነው። እንዲያውም ወረቀት አፍ ባይኖረውም ሰው ያስጠራል ብሎ እንዳልጽፍ መክሮኝ ነበር። ነገር ግን ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ ነው፤ እኔም ዝም ማለት አልቻልሁም።

ደብዳቤው ግልጽ እንደ መሆኑ የሩቅ ሰውም ሊያነበው ስለሚችል፣ እርስዎ የሚያውቁትን ነገር ለሌላው በአጭሩ ብገልጽ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሙቂት ማለት ከሞጣ ወደ ቢቸና በሚወስደው መንገድ ጥቂት ከተሄደ በኋላ ቁልቁለቱን ሲወርዱ የምትገኝ፣ ከመሬት ሥር በሚፈልቅ ፍል ውሃ የምትሞቅ ትንሽ ሐይቅ ናት። ሐይቅ የምንላት ከአክብሮት የተነሣ ነው እንጂ፣ ሰው ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ቢሻገራት ከደረቱ አታልፍም። ቁርጥማት የያዘው፣ ወገቡ የተቆረጠ፣ ጉልበቱ የከዳው ሁሉ ከቢቸናም ከግንደወይንም በአውቶቡስና በበቅሎ ይመጣል። ከዳር ቆሞ እንደ ሰው ደጃፍ «ቤቶች» ብሎ ያስፈቅዳል፤ ውስጥ ያሉትም «ይግቡ» ብለው ይጠጋጉለታል፤ ሕመም የጠናበት ፍል ውሃው ወደሚወጣበት ወደ ዓይኗ ቀረብ ይደረጋል። ከዚያ በውሃው ውስጥ ካሉት ጠፍጣፋ ድንጋዮች በአንዱ ላይ ተቀምጦ፣ እስከ አንገቱ ተዘፍዝፎ፣ ላቡ ሲንቆረቆር ቆይቶ ይወጣል። ክርስቲያኑም እስላሙም አባቱ እንዲህ ሲያደርግ አይቶ ነው ያደገ። ዋና የሚያውቅ ሰው ግን በአካባቢያችን ታይቶ አይታወቅም፤ ዓባይ እንኳ ጎረቤታችን ሆኖ ሳለ የምንተዋወቀው ከሩቅ ነው።

እርስዎ ግን ወደ አንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ለአጭር ትምህርት ተልከው፣ የዚያ አገር ላብ አደር በሞቀ ሐይቅ ውስጥ ሲዋኝ ተመልክተው፣ አንድ ቀይ የዋና ቁምጣና አንድ ፊሽካ ይዘው በሰላም ተመለሱልን። በተመለሱ ሳምንትም ስብሰባ ጠርተው፣ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ መዋል የፊውዳሉ ሥርዓት ርዝራዥ መሆኑን፣ የሚቀመጥ ሕዝብ አገር እንደማይገነባ፣ የሚዋኝ ሕዝብ ግን ወደፊት እንደሚራመድ አስረዱን። እኛ ቁርጥማት ይመስለን የነበረው ነገር ለካ የንቃት ማነስ ነው። ሙቂትም «የሰፊው ሕዝብ የዋና ማሠልጠኛ ማዕከል» ተብላ ሰሌዳ ተተከለላት፤ ሰሌዳው ከሐይቁ ቢጠብ በጥቂቱ ነው። ዋና የማይችል ሰው ወደ ውሃው እንዳይገባ፣ ችሎታውን ማስመስከር የፈለገ ከወዲህኛው ዳር ወደ ወዲያኛው ተሻግሮ እንዲፈተን፣ ላለፈውም ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ እንዲታሰርለት ደንብ አወጡ። ቀይ ጨርቅ ያሰረ ሰው ከዚያ በኋላ ቢዋኝም ቢቀመጥም የሚጠይቀው የለም።

ለዚህ ሁሉ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ሆኖም ምስጋና ብቻውን እንዳይሰለችዎ ብዬ ጥቂት ቅሬታዎችን በተራ ቁጥር አስገብቻለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ልብሱ። የዋና ልብስ የሌለው እንዳይገባ ባዘዙት መሠረት ልብስ ሰፊያችን ሳሊህ፣ እንዲህ ያለውን ልብስ በዓይኑ አይቶ ስለማያውቅ፣ እርስዎ በጠመኔ የሣሉለትን እየተመለከተ፣ ጨርቅም ከገበያ ስለ ጠፋ ከእርዳታ ዱቄት ከረጢት እየቆረጠ ሰፍቶልናል። ሳሊህን አልወቅሰውም። ሥዕሉን እኔም አይቼዋለሁ፣ የበቅሎ ልጓም ይመስላል። ከረጢቱ ላይ በፈረንጅ ፊደል የታተመው ጽሑፍ በአብዛኞቹ ሽማግሌዎቻችን መቀመጫ ላይ የዋለ ሲሆን፣ የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ቢያነበው «አይሸጥም» ይላል አለን። ማን ሊገዛ አስቦ እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። የባሰው ግን ከረጢቱ ውሃ ሲነካ አየር እየያዘ መነፋቱ ነው። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ለፈተና እንደ ገቡ ልብሳቸው ከኋላ ተነፍቶ፣ ፊታቸውን ወደ ታች «አይሸጥም»ን ወደ ሰማይ አድርጎ አንሳፈፋቸውና፣ ተረባርበን ይዘን አቆምናቸው። ሙቂት ላይ እውነተኛ መንሳፈፍ የታየው ያን ቀን ብቻ መሆኑን ለታሪክ እመሰክራለሁ። ሽማግሌው ግን ዳር ስላልደረሱ ወድቀዋል ተብለዋል።

ሁለተኛ፦ ስለ እኩልነቱ። ከጥንት ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሙቂት የሴቶች ነበረች። እርስዎ ይህ የቀን ክፍፍል የሴቶችን እኩልነት የሚጻረር ስለ ሆነ ወንዱም ሴቱም በአንድነት፣ በዚያው በከረጢቱ ልብስ፣ እንዲገባ ወሰኑ። እኩልነቱን በደስታ ተቀበልነው፤ ውጤቱም ሴቶች በሙሉ በእኩልነት ከቤታችን ቀረን። ጎረቤቴ ዑሙሰልማ፣ ከመጨረሻ ልጇ ወዲህ ወገቧ ቀና ብሎ የማያውቅ ሴት፣ «ለአዋላጅ በጭንቅ ያሳየሁትን ጉልበት ለፊሽካ አላሳይም» ብላ በሯን ዘጋች። እኔም ከረጢቱን ለብሼ አየሁትና ዱቄቱ ቢኖርበት ይሻል ነበር ብዬ አወለቅሁት። ኋላ እርስዎ ወደ ስብሰባ በሚሄዱባቸው ቀናት፣ ሐይቁን እንዲጠብቅ ያቆሙት የአብዮት ጥበቃው ደምለው በቀሚሳችን እንድንፈተን ፈቅዶ፣ ጠመንጃውን ታቅፎ ፊቱን ከዳር ወዳለው ሾላ ዛፍ እያዞረ አሳልፎናል። ሊቀጡት ቢያስቡ፣ ፊቱን ስላዞረ ያየው ነገር እንደሌለ ይያዝልኝ።

ሦስተኛ፦ ስለ ዋናው ስለ ዋና። ይህ ቅሬታ ሳይሆን አድናቆት ነው። የማዕከሉ ምረቃ ዕለት ከአውራጃ የመጡት እንግዶች በወንበር ተቀምጠው፣ እኛ ቆመን፣ ቀዩን ቁምጣ ለብሰው ወደ ውሃው ሲገቡ አየንዎ። አንገትዎን ብቅ አድርገው፣ ግራና ቀኝ እጅዎን እያማቱ፣ ውሃውን እንደ ጠላት እየደበደቡ፣ ሐይቋን ከዳር እስከ ዳር ተሻገሯት። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እኛም ልናጨበጭብ ስንል ከውሃው ወጡና፣ እግርዎ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ የሙቂትን ወለል ጥቁር ጭቃ ለብሶ አየን። ጓድ ሊቀመንበር፣ እኛ የጎጃም ሰዎች ዋና ባናውቅም ጭቃ እናውቃለን። በውሃ ላይ የሄደ እግር ጭቃ አይነካውም፤ ጭቃ የነካው እግር የሄደው በመሬት ነው። ከሕዝቡ መሐል ያልተማረበት አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሞጣ ሰው ሁሉ ዋናተኛ ሆነ፤ አንገት ከውሃ በላይ፣ እጅ በጭብጨባ፣ እግር በእርጋታ በጭቃው ላይ። እኔ ራሴ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ አልፌአለሁ። ዑሙሰልማም በስተኋላ መጥታ፣ በአንድ እጇ እየዋኘች በአንድ እጇ ሻሿን እያስተካከለች፣ ደምለው ዛፉን አይቶ ሳይጨርስ ተሻግራለች። ይህን ጥበብ ከባሕር ማዶ ስላመጡልን እግዚአብሔር ይስጥልን።

አራተኛ፦ ስለ ፊሽካው። የምለው የለኝም፤ ራሱ ብዙ ይላል።

አምስተኛውን ቁጥር አልሰጠሁትም፣ ባሌ ነውና።

መሪጌታ ወልደ ሰንበት ከልጅነቱ ጀምሮ መቋሚያውን ተደግፎ በማኅሌት የቆመ ሰው ነው። ሌሎች በእርሻ የጨረሱትን ጉልበት እሱ በቁመት ጨረሰው። በየዓመቱ ለአስተርእዮ ማርያም ዜማ ወደ ተማረበት ወደ መርጡለ ማርያም ሄዶ፣ መምህሩ ቆመውበት በነበረው ቦታ ይቆማል። ከሌላው በዓል ሁሉ የሚቀርበት ቢኖር ግድ የለውም፤ ይህ ግን ቢቀርበት በቁሙ የሞተ ያህል ይቆጥረዋል። ለዚህም ሲል ከጥቅምት ጀምሮ ሙቂት እየወረደ፣ ዓይኗ አጠገብ እየተቀመጠ፣ ጉልበቱን ለጥር ያደርስ ነበር። ዘንድሮ ደንቡ ደረሰበት። መሻገር አለብህ ተባለ። የእርስዎ ዓይነት ዋና ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ደህና እግር ይፈልጋል፤ የሚራመድ ሰው ብቻ ነው መዋኘት የሚችል። ስለዚህ ሙቂት ዛሬ የሚገባባት ጤነኛው ሲሆን፣ የሚከለከለው በሽተኛው ነው።

እንዲያም ሆኖ የከተራ ዋዜማ ዕለት በበቅሎ አውርደነው ፈተናውን ሞከረ። እርስዎም ስለ ነበሩ ያስታውሱታል። ወደ መሐል ሲደርስ ጉልበቱ ክዶት ቀስ ብሎ ወረደና፣ አንድ ድንጋይ አግኝቶ ተቀመጠ፤ ውሃው እስከ አገጩ መጣ። ያን ጊዜ ፊቱን አይቼዋለሁ። ከስንት ወር በኋላ ሕመሙ ለቀቅ ሲያደርገው ዓይኑን ጨፈነ። እርስዎ ፊሽካውን ነፍተው «ይህ ዋና አይደለም፣ መቀመጥ ነው» አሉና እንዲያወጡት አዘዙ። እውነትዎን ነው፣ መቀመጥ ነበር። እርጥብ ጋቢውን ተከናንቦ በበቅሎ ዳገቱን ወጣ። ቤት ስንደርስ «ፈንታነሽ፣ ዘንድሮ በቦታዬ ሌላ ሰው ይቁምበት ብለሽ ላኪባቸው» አለኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ አሁንም ድረስ ተናድጄ እንዳለሁ እንዲያውቁልኝ ነው። ወደ መርጡለ ማርያምም አልላክሁም።

ስለዚህ በዓሉ ሳምንት ስለ ቀረው፣ ከእግርዎ ሥር ወድቄ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ ከሁለት አንዱን ነው። ወይ ደንቡን ያንሡልን፤ በሽተኛው እንደ አባቶቹ «ቤቶች» ብሎ ይግባና ይቀመጥ። ወይም ከበዓሉ በፊት ገበያተኛው በተሰበሰበበት፣ ሁለት እግርዎን ከውሃው በላይ እያሳዩን ሐይቋን ተሻግረው ትክክለኛውን ዋና ያስተምሩን። መሪጌታም አይቶ ይማራል፤ ቅኔ በጆሮው ሰምቶ የያዘ ሰው ዋና በዓይኑ አይቶ መያዝ አያቅተውም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኛም ይኸው ስንሳሳቅ ከደንብ ወደ ደንብ እየተወሰድን እዚህ ደርሰናል፣ ከዚህ በላይ ግን መሳቁ ሊያቅተን ነው።

ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፣ ጊዜዎን ስለ ወሰድሁ፣ ፊሽካውን ነፍተው ሊያቋርጡኝ በማይችሉበት መንገድ ስለ ተናገርሁ፣ እንዲሁም ያስተማሩኝን ፊደል በእርስዎው ላይ ስለ ዋልሁበት ይቅርታዎን እለምናለሁ። ኢትዮጵያ ትቅደም፤ እኛም ተከትለናት ስንደርስ እንቀመጥ።

በአብዮታዊ ሰላምታና ከወገብ በላይ በሙሉ ጤንነት፣ ለደንብዎ ተገዢ፣ ለፊሽካዎ ደንጋጭ፣ ለውለታዎ ባለ ዕዳ የሆንሁ፣

ፈንታነሽ ውበቴ
ባለ ቀይ ጨርቅ ዋናተኛ

ግልባጭ፦
ማንበብ ለሚችል ሁሉ፤
ማንበብ ለማይችል፣ የሚችለው ያንብብለት።

ማስታወሻ፦ ይህን የምጨምረው ዛሬውኑ ከሰዓት በኋላ፣ ከሙቂት ዳር ሾላው ሥር ቁጭ ብዬ ነው። ደብዳቤውን ከቀበሌው በር ላይ ከመለጠፌ በፊት መሪጌታን ለመጨረሻ ጊዜ እንሞክረው ብለን በበቅሎ አውርደነው ነበር። ደምለው ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተው፤ ከዚያ ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ጫማውን አወለቀና ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጠው። «ደንቡ ተሻገር ይላል እንጂ በማን እግር አይልም፣ መሪጌታ፤ ይታዘሉ» አለው። መሪጌታ በጀርባው ላይ ሆኖ ሁለት እጁን ልክ እርስዎ እንዳስተማሩን ውሃው ላይ እያማታ፣ ደምለው ከሥሩ እየተራመደ፣ ከዳር እስከ ዳር ተሻገሩ። በዳር የነበረው ሕዝብ ሁሉ ከምረቃው ዕለት ዋና በምንም እንደማያንስ መስክሮ አጨብጭቧል። ቀዩ ጨርቅም በሕጉ መሠረት ታስሮለታል። ደምለውን አይቀየሙት፤ ማን እየተራመደ ማን እንደሚዋኝ መለየት እሱን ብቻ ያስቸገረ ነገር አይደለም። እኔስ ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅዎትም። መሪጌታ አሁን ዓይኗ አጠገብ እስከ አንገቱ ተዘፍዝፎ የአስተርእዮን ዜማ እያንጎራጎረ ነው፤ ድምፁ እስከዚህ ይሰማል። እርስዎም ከስብሰባ ሲያርፉ ብቅ ይበሉ፤ ከአጠገቡ ቦታ ይዘንልዎታል፣ ውሃው ከደረት ስለማያልፍ የሚያሰጋዎ ነገር የለም።